የኩባንያ ጠመንጃ ተጠያቂው ማን ነው?

መደበኛ ወታደር ቢያጠፋ የጦር ፍርድ ቤት ይጠብቀዋል። የኩባንያ ቅጥረኛ በሰው አገር ሲገድልስ ዳኛው ማን ነው?

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 ዓ.ም. በባግዳድ ኒሱር አደባባይ፥ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከብላክዋተር ኩባንያ የቀጠራቸው ዘበኞች ተኩስ ከፍተው 17 ኢራቃውያንን ገደሉ። ኢራቅ ልትፈርድባቸው አልቻለችም፤ በ2004 የወጣው የወራሪው አስተዳደር 17ኛ ትእዛዝ ከአገሩ ፍርድ ቤት ነፃ አውጥቷቸው ነበርና። በ2014 የአሜሪካ ፍርድ ቤት አራቱን ጥፋተኞች ቢላቸውም፥ በ2020 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ምሕረት አደረጉላቸው። በ2008 የወጣው የሞንትሮ ሰነድ የመንግሥታትን ግዴታ ይዘረዝራል፤ ዳሩ ግን አያስገድድም።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን እንኳ በሬው ሰው የወጋበትን ባለቤት ይጠይቃል። እንግዲህ ዘበኝነት በኮንትራት ይሰጥ ይሆናል፤ ኀላፊነት ግን አይሰጥም። ደመወዝ የከፈለ መንግሥት ስለ ደሙም መልስ ይስጥ።