የጤፍ ዋጋ «ወረደ» የሚባለው መቼ ነው?

አምቦ ገበያ ወርዶ የአንድ ኩንታል ነጭ ጤፍ ዋጋ የጠየቀ ሸማች የሚሰማው አንድ ቁጥር ነው። ያ ቁጥር ብቻውን ውድ ይሁን ርካሽ አይናገርም። ትርጉም የሚያገኘው ባለፈው ሳምንት፣ አምና በዚሁ ወር፣ ወይም ጉደርና ጊንጪ ላይ ስንት እንደተሸጠ ሲታወቅ ነው።

በኢንተርኔት የሚገበያዩ ሰዎች ይህን የማነጻጸር ሥራ ለኮምፒውተር ከሰጡ ቆይተዋል። ካሜልካሜልካሜል የተባለው አገልግሎት አማዞን ላይ የሚሸጡ ዕቃዎችን ዋጋ እየተከታተለ ይመዘግባል፤ ከፍተኛውን፣ ዝቅተኛውንና አማካዩን ያሳያል፤ ዋጋው ደንበኛው ከወሰነው በታች ሲወርድ መልእክት ይልካል። መመዝገብ፣ ማነጻጸርና ማሳወቅ ነው ሥራው። የአምቦ ሸማችም ይህንኑ በደብተር ወይም በስልክ ሊያደርገው ይችላል፤ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል።

መጀመሪያ የሚመዘገበው ዕቃ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ባለፈው ሳምንት ማኛ፣ ዛሬ ሰርገኛ የጠየቀ ሰው ዋጋ የወረደ ይመስለዋል፤ የተለወጠው ግን ጤፉ ነው። ስለዚህ ከዋጋው ጎን ዓይነቱ፣ ገበያው፣ ቀኑና መስፈሪያው ይጻፋል።

ቀጥሎ ወቅቱ ይታያል። ጤፍ ኅዳርና ታኅሣሥ ታጭዶ ሲወቃ ገበያው ይሞላል፤ ብዙ ገበሬም ዕዳውን ለመክፈል በዚያው ሰሞን ይሸጣል። ክረምት ሲገባ ጎተራው ይሳሳል፣ መንገዱም ይከብዳል፤ ዋጋም ወደ ላይ ይሄዳል። እንግዲህ የጥርን ዋጋ ከነሐሴ ጋር አነጻጽሮ «ወረደ» ማለት ወቅቱን እንጂ ገበያውን አያሳይም። ጥር የሚነጻጸረው ከአምናው ጥር ጋር ነው።

የብሩ አቅምም ይቆጠራል። አምና በጥር 10,000 ብር የነበረ ኩንታል ዘንድሮ 11,000 ገባ እንበል። በዚያው ዓመት የሌላው ዕቃ ዋጋ በአማካይ በ20 በመቶ ከጨመረ፣ 11,000ን ለ1.2 ስናካፍል 9,167 ገደማ እናገኛለን። ቁጥሩ ቢጨምርም ጤፉ ከሌላው አንጻር ረክሷል።

መዝገብ ከራሳችን አእምሮም ይጠብቀናል። አሞስ ትቨርስኪና ዳንኤል ካህነማን እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ሰው አስቀድሞ የሰማው ቁጥር በዕጣ የወጣ እንኳ ቢሆን ግምቱን ወደ ራሱ እንደሚስብ አሳይተዋል። ነጋዴው መጀመሪያ የሚጠራው ዋጋም እንዲሁ ይስባል። የአንድ ዓመት ዋጋ በእጁ የያዘ ሸማች ግን ክርክሩን ከራሱ ቁጥር ይጀምራል።

በሁለት ከተሞች መካከል ያለው ልዩነትም የሚያስተምረው አለ። መረጃ እንደ ልብ ሲዘዋወር፣ በአምቦና 115 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚርቀው የአዲስ አበባ እህል በረንዳ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ወደ ማጓጓዣውና ወደ ነጋዴው ወጪ ይጠጋል። ከዚያ በላይ የሆነው አንዱ ወገን የሚያውቀውን ሌላው ባለማወቁ የሚከፈል ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከዓላማዎቹ አንዱ የግብርና ምርትን ዋጋ ሁሉም እንዲያየው ማድረግ ነበር። ተመራማሪዋ ጄኒ ኤከር በኒጀር ባደረገችው ጥናት መሠረት፣ እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2006 የሞባይል ስልክ መግባት በገበያዎች መካከል የነበረውን የእህል ዋጋ ልዩነት ከ10 እስከ 16 በመቶ ቀንሶታል። ውጤቱ ይበልጥ የጎላው ማጓጓዣ በሚወደድባቸው ገበያዎች መካከል ነበር። ይህ ከዋናው አስፋልት ርቀው ላሉት እንደ ግንደበረት ላሉ ወረዳዎች ትልቅ ተስፋ ነው።

ለሸማቹ የወረደ ዋጋ ለገበሬው የቀነሰ ገቢ መሆኑ አይዘነጋም። ሆኖም መዝገቡ ሁለቱንም ይጠቅማል፤ አንዱ መቼ በኩንታል መግዛት እንደሚያዋጣው፣ ሌላው ከምርቱ ስንቱን ለክረምት ማቆየት እንደሚሻለው ያይበታል። ጥቂት ጎረቤታሞች ወይም የአምቦ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በየሳምንቱ የጤፉን ዓይነት፣ ገበያውን፣ ቀኑንና ዋጋውን በአንድ የቴሌግራም ገጽ ቢያሰፍሩ፣ በዓመቱ ከተማዋ የራሷን የዋጋ ታሪክ ታገኛለች።