የእሁድ የዱባ ፓንኬክ፦ ስኳር ላለባት እናትም፣ ለሕፃኑም፣ ለሁላችንም ከአንድ ሊጥ

ዛሬ ከወትሮው ለየት ብለን ወጥ ቤት እንገባለን። ርዕሳችን የዱባ ፓንኬክና ቤት ውስጥ የሚሠራ ሽሮፕ ነው። ሽሮፕ ስል የሳል መድኃኒቱን አይደለም፤ ፓንኬክ ላይ የሚፈሰውን ጣፋጭ ማለቴ ነው። «ዶክተርን ደግሞ ከፓንኬክ ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ልንገራችሁ።

ስኳር ሕመም እንዳለባቸው ሲነገራቸው ብዙ ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ መድኃኒቱ አይደለም። «ከእንግዲህ ምንድን ነው የምበላው?» ነው። ከዚያ ጥያቄ ጀርባ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ፦ «ከልጆቼ ጋር አብሬ መብላት ቀረ ማለት ነው?»

ይህን በራሴ ቤትም አየዋለሁ። እናቴ ስኳር ከተገኘባት ሁለት ዓመት ሆኗታል። እሁድ ጠዋት ልጅ፣ የልጅ ልጅ ሲሰበሰብና ጠረጴዛው ላይ ጣፋጭ ነገር ሲቀርብ «እኔ ሻዬን ጠጥቻለሁ፣ እናንተ ብሉ» ትልና ወጥ ቤት ትገባለች። ለእሷ ብቻ ተለይቶ ከተሠራ ደግሞ «ይሄማ የበሽተኛ ምግብ ነው» ብላ ሁለቴ ጎርሳ ትተወዋለች። ለብቻ መብላት ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። ሰው ከማዕድ ሲለይ ቁርሱን መዝለል ይጀምራል፣ ቀስ በቀስም «እንግዲህ ከመጣ ይምጣ» ብሎ ጥንቃቄውን ራሱን ይተዋል።

የዛሬው ሐሳብ አንድ ነው፦ ስኳሩን ከሊጡ ውስጥ አውጡትና ጠረጴዛው ላይ በጎን አስቀምጡት። ሊጡ ለሁሉም አንድ ይሁን፣ ማባያውን እያንዳንዱ እንደ ጤናው ይምረጥ። «ዱባና ቅል፣ አበቃቀሉ ለየቅል» አይደል የሚባለው? የእኛም ሊጡ አንድ፣ ማባያው ለየቅል ነው።

ለምን ዱባ?

ዱባ በራሱ ጣፋጭ ስለሆነ «ለስኳር ሕመምተኛ አይሆንም» የሚሉ አሉ። እንዳትሳሳቱ። የበሰለ ዱባ አብዛኛው ውሃ ነው፤ 100 ግራሙ ውስጥ ያለው ካርቦሃይድሬት 5 ግራም ያህል ብቻ ነው። ፓንኬክ ላይ ስኳር የሚጨምረው ዱቄቱና ከላይ የሚፈሰው ነገር ነው።

ብርቱካናማ ቀለሙን የሚሰጠው ቤታ ካሮቲን ሰውነታችን ውስጥ ወደ ቫይታሚን ኤ ይቀየራል። ቫይታሚን ኤ ሲያንስ ዳፍንት፣ ማለትም በምሽት በደንብ አለማየት ይመጣል፤ የልጆች ኢንፌክሽን የመቋቋም አቅምም ይዳከማል። ቤታ ካሮቲን በደንብ ወደ ደም የሚገባው ከትንሽ ቅባት ጋር ሲበላ ነው፤ ስለዚህ ሊጡ ውስጥ ያለው ዘይት ለጣዕም ብቻ አይደለም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያሉ ልጆች በየ6 ወሩ የሚሰጣቸውን ቫይታሚን ኤ «ዱባ ይበላል» ብላችሁ እንዳታስቀሩ።

ሊጡ (12 መካከለኛ ፓንኬክ ያህል ይወጣዋል)

- 1 ኩባያ በስሎ የተፈጨ ዱባ (ጥሬውን ግማሽ ኪሎ ያህል ግዙ)
- 1 ኩባያ ያልተነፋ የስንዴ ዱቄት
- 1 ኩባያ የጤፍ ዱቄት
- 1 ኩባያ ተኩል ወተት
- 2 እንቁላል
- 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት
- 1 የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር
- ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ቀረፋ፣ ቆንጠር ተደርጎ ኮረሪማ

ስኳር የለም፣ ጨውም የለም። ቤኪንግ ፓውደር ራሱ ሶዲየም ስላለው ደም ግፊት ላለበት ሰው ጨው መደረብ አያስፈልግም። የጣፋጭነቱን ስሜት ቀረፋውና ኮረሪማው ይሞሉታል።

ዱባውን ከጉሊት ተቆርጦ የሚሸጠውን ከገዛችሁ ውስጡ ደማቅ ብርቱካናማ የሆነውን ምረጡ። ልጣጩን አንስታችሁ፣ ቆራርጣችሁ፣ በጣም ትንሽ ውሃ አድርጋችሁ ድስቱን ክደኑና አብስሉት። ውሃ ውስጥ ዋኝቶ ከተቀቀለ ሊጡን ያቀጥነዋል። ሲለሰልስ ወንፊት ላይ አጥልሉትና በሹካ ፍጩት።

ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ እዚህ ላይ ቁሙ! ቅመም ሳይገባበት ከተፈጨው ዱባ የእሱን ድርሻ ለዩለት።

ከዚያ ደረቁን ለብቻ፣ እርጥቡን ለብቻ ቀላቅሉና አንድ ላይ አድርጉት። ብዙ አታማስሉት፤ የስንዴው ሊጥ በተማሰለ ቁጥር ፓንኬኩ ይደርቃል። ትንሽ ቢጓጉል ችግር የለውም። ጤፍ ውሃ ስለሚመጥ 10 ደቂቃ አቆዩትና ከወፈረ ጥቂት ወተት ጨምሩ። መጥበሻውን በትንሹ ዘይት ቀብታችሁ በመካከለኛ እሳት በግማሽ ጭልፋ በግማሽ ጭልፋ አፍስሱ። ላዩ ላይ ዓይን ሲያወጣና ጠርዙ ሲደርቅ ገልብጡ። የዱባ ፓንኬክ ውስጡ እርጥብ ስለሆነ እሳት አታብዙበት፤ ላዩ አሮ ውስጡ ጥሬ ይቀራል።

ጾም ላይ ከሆናችሁ በወተቱ ፋንታ ውሃ ወይም የአኩሪ አተር ወተት፣ በ2 እንቁላሉ ፋንታ ደግሞ 2 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በ6 የሾርባ ማንኪያ ውሃ አርሳችሁ ተጠቀሙ። ተልባው ሊጡን ይይዝላችኋል።

ሽሮፑ

አሜሪካና ካናዳ ፓንኬክ ላይ የሚፈሰው እውነተኛው ሽሮፕ ሜፕል ከሚባል ዛፍ ፈሳሽ ነው የሚሠራው፤ 1 ሊትር ለማውጣት 40 ሊትር ያህል ፈሳሽ ይፈላል። ሱፐርማርኬት በርካሽ የምታገኙት «የፓንኬክ ሽሮፕ» ግን ብዙ ጊዜ ከበቆሎ የወጣ ስኳር፣ ቀለምና ማጣፈጫ ነው። ጀርባውን አንብቡት።

እኛ እንዲህ እናድርግ፦ የ3 ብርቱካን ጭማቂ (1 ኩባያ ያህል)፣ አንድ እንጨት ቀረፋና ሁለት ፍሬ ቅርንፉድ ጥዳችሁ በቀስታ እሳት ግማሽ እስኪሆን አትንኑት። አውርዳችሁ ለብ ሲል 2 የሾርባ ማንኪያ ማር ጨምሩበት። አንድ የሾርባ ማንኪያው በግምት ከ5 እስከ 6 ግራም ስኳር ይኖረዋል፤ ተመሳሳይ መጠን ያለው ሜፕል ሽሮፕ 12 ግራም ያህል አለው።

«ማር ተፈጥሯዊ ነው፣ ስኳር አይጨምርም» የሚለውን ግን ተዉት። የዓለም ጤና ድርጅት ማርንና የጭማቂ ስኳርን ከተጨመረ ስኳር ጋር አንድ ላይ ነው የሚቆጥራቸው። ከቀኑ ኃይል ከ10 በመቶ በታች፣ ቢቻል ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል። 5 በመቶ ለአንድ አዋቂ 25 ግራም፣ ማለትም 6 የሻይ ማንኪያ ያህል ነው።

ማን በምን ይብላ?

ስኳር ሕመም ያለበት ሰው፦ ሁለት ፓንኬክ፣ ከጎኑ እንቁላል ወይም ያልጣፈጠ እርጎ፣ ከላይ ደግሞ ጥቂት የተከታተፈ እንጆሪ ወይም የለውዝ ቅቤ። ሁለቱ ፓንኬክ በግምት ከ35 እስከ 40 ግራም ካርቦሃይድሬት አላቸው፤ ስለዚህ ዳቦ አይደረብበትም። መለኪያ ካላችሁ ከበላችሁ ከ2 ሰዓት በኋላ ለኩት። ለብዙ አዋቂዎች ከ180 በታች መሆን አለበት። የእናቴ መጀመሪያ ቀን 158 ነበር፤ የእናንተ ግን ሊለይ ስለሚችል የራሳችሁን ቁጥር እመኑ።

ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የምትወስዱ፦ የእሁድ ቁርስ ይዘገያል። መድኃኒቱን ወስዳችሁ «ልጆቹ እስኪመጡ» ብላችሁ ባዶ ሆዳችሁን አትጠብቁ። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ረሃብና ግራ መጋባት ከመጣ ስኳራችሁ ወርዷል ማለት ነው። ያኔ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ወይም አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ወዲያው ውሰዱ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለኩ። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አትስጡ፣ በፍጥነት ሐኪም ቤት ውሰዱት።

ዕድሜው 1 ዓመት ያልሞላ ሕፃን፦ ማርም፣ ማር የገባበት ሽሮፕም ፈጽሞ አይሰጠው! «ለጉንፋኑ ትንሽ ይላስ» የሚሉ አያቶችን በትሕትና አስረዷቸው። ማር ውስጥ ቦቱሊዝም የሚባለውን መመረዝ የሚያመጣ ባክቴሪያ ዘር ሊኖር ይችላል። ማሩ ንጹሕ ቢሆንም፣ ቢፈላም ዘሩ አይሞትም። ሕፃኑ ሆዱ ከደረቀ፣ ለቅሶው ከደከመ፣ መጥባት ካቃተውና ከዛለ ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት ሂዱ። 6 ወር ለሞላው ሕፃን የተለየው የዱባ ፍጭ ላይ ጠብታ ዘይት ወይም ቅቤ ማድረግ በቂ ነው።

ልጆች፦ ከ2 ዓመት በታች ላሉት ሽሮፕ አያስፈልግም። ለትልልቆቹ አንድ የሾርባ ማንኪያ ይበቃል፤ ጠርሙሱን አትስጧቸው፣ እናንተ አፍስሱላቸው። ከ5 ዓመት በታች ላሉት ሙሉ ለውዝ እንዳትሰጡ፣ ያንቃል።

የኩላሊት ሕመም ኖሮባችሁ ፖታሲየም እንድትቀንሱ የተነገራችሁ ደግሞ የዱባውንና የብርቱካኑን መጠን ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩበት።

አንድ የመጨረሻ ምክር ላክል። ጠረጴዛው ላይ «ይሄ የእማዬ ነው» ተብሎ የተለየ ሳህን አይቀመጥ። ፓንኬኩ በአንድ ትሪ ይቅረብ፣ ማባያዎቹ መሃል ይደርደሩ። ልጆቹም በእርጎና በእንጆሪ ይሞክሩት፤ እነሱም ቢለምዱት ከወዲሁ ይጠቅማቸዋል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ጎርሶ ማጉረስም ይፈልጋል። መድኃኒቱን የምናስታውሰውን ያህል ይህንንም እናስታውስለት።

እናንተ ቤት በአንድ ማዕድ ለመብላት ያስቸገራችሁ ምግብ የትኛው ነው? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፣ በሚቀጥለው እንነጋገርበታለን። ቤቷ ሕፃን ወይም የስኳር ሕመምተኛ ላለባት ጓደኛችሁም ሼር አድርጉላት።