ውሃ ብቻውን ሕይወት ይሆናል? ስለ በረዷማ ጨረቃዎች ጂኦሎጂ

ጂኦሎጂ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን መዶሻ፣ ኮምፓስና ድንጋይ የተሞላ ቦርሳ ነው። “ዘንድሮ የምጽፈው ስለ በረዶ ነው” ስላቸው አንዳንድ የክፍል ጓደኞቼ “በረዶ የአስትሮኖሚ ሰዎች ጉዳይ ነው እንጂ እኛን ምን አገባን!” ብለው ስቀውብኛል። እኔ ደግሞ በደንብ እንደሚያገባን ላስረዳ ተነሥቻለሁ። ከመሬት ውጪ ሕይወት ሊኖርባቸው ይችላል ተብለው ከሚታሰቡት ቦታዎች መካከል ግንባር ቀደሞቹ ከፀሐይ እጅግ ርቀው የሚገኙ፣ በበረዶ የተሸፈኑ ጨረቃዎች ናቸው። እዚያ ሕይወት ሊኖር ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው ጥያቄ ደግሞ ዞሮ ዞሮ የአለት፣ የስንጥቅና የማዕድን ጥያቄ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ በተለይ ሁለቱን፣ የጁፒተር ጨረቃ የሆነችውን ዩሮፓንና የሳተርን ጨረቃ የሆነችውን ኢንሰላደስን እንመለከታለን። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በረዶ እንደ አለት

በመጀመሪያ በረዶ ሲባል ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለውን እንርሳው። የዩሮፓ ገጽ በምድር ወገቧ አካባቢ እንኳ ከዜሮ በታች 160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀዘቅዛል። በዚህ ቅዝቃዜ በረዶ እንደ አለት ይጠነክራል፤ ሲገፋ ይሰነጠቃል፣ ይሸራተታል። ወደ ታች በተጠለቀ ቁጥር ግን ይሞቅና ልክ እንደ መሬት ማንትል ጠጣር ሆኖ ሳለ ቀስ እያለ ይፈስሳል። ማለትም መሬት በአለት የምትሠራውን ሥራ እነዚህ ጨረቃዎች በበረዶ ይሠሩታል።

የ1979ኙ የቮያጀር መንኮራኩሮችና ከ1995 እስከ 2003 ጁፒተርን የዞረው የጋሊልዮ መንኮራኩር የላኳቸው ፎቶዎች ይህንን በግልጽ ያሳያሉ። የዩሮፓ ገጽ በረጃጅም ስንጥቆችና ሸንተረሮች የተሸነታተረ ነው። አንዳንድ ቦታ በረዶው ግራና ቀኝ ተከፍቶ መሀሉን አዲስ በረዶ ሞልቶታል፤ አዲሱን በሐሳብ አውጥተን ሁለቱን ጎኖች ብንገፋቸው እንደ ተቀደደ ወረቀት ይገጥማሉ። በ2005 በአፋር ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው መሬት እስከ 8 ሜትር ድረስ ተከፍቶ ከሥር የመጣ ማግማ እንደሞላው ለምናውቅ ተማሪዎች ነገሩ እንግዳ አይደለም።

ሌላው ማስረጃ ያለው ነገር ሳይሆን የሌለው ነገር ነው። በዩሮፓ ላይ በተወርዋሪ ድንጋይ የተፈጠሩ ትላልቅ ጉድጓዶች በጣም ጥቂት ናቸው። ከዚህ በመነሣት የገጹ ዕድሜ ከ40 እስከ 90 ሚሊዮን ዓመት ብቻ እንደሆነ ተገምቷል። 4.5 ቢሊዮን ዓመት ለኖረች ጨረቃ ይህ ገና የትናንት ቆዳ ነው። ስለዚህ አሮጌውን እየደመሰሰ አዲስ ገጽ የሚተካ ኃይል ከሥር አለ ማለት ነው።

ሙቀቱ ከየት መጣ?

ከፀሐይ እንዳይባል፣ በዚያ ርቀት የፀሐይ ሙቀት ኢምንት ነው። መልሱ ያለው በምህዋራቸው ውስጥ ነው። ሽቦ ለመበጠስ ወዲያና ወዲህ ደጋግመን ስናጣጥፈው መታጠፊያው ይግላል አይደል? ዩሮፓም ላይ የሚሆነው እንደዚሁ ነው። ጁፒተርን የምትዞርበት ምህዋር ፍጹም ክብ ስላልሆነ አንዴ ትቀርባለች፣ አንዴ ትርቃለች። ስትቀርብ የጁፒተር ስበት ይለጥጣታል፣ ስትርቅ ይለቃታል። ይህ በየ3 ቀን ተኩሉ ያለ እረፍት ይደጋገማልና ውስጧ ይሞቃል።

ምህዋሩ በጊዜ ብዛት ክብ ሆኖ ነገሩ እንዳያበቃ ደግሞ ጎረቤቶቿ አይፈቅዱም። ጋኒሚድ የተባለችው ጨረቃ አንድ ጊዜ ስትዞር ዩሮፓ ሁለት ጊዜ፣ አዮ አራት ጊዜ ይዞራሉ። በዚህ ቋሚ ምት እርስ በርስ ስለሚጎታተቱ ምህዋራቸው እንደተዛባ ይኖራል። በመጋቢት 1979 ስታንተን ፒልና ሁለት ባልደረቦቹ በዚህ ሒሳብ የአዮ ውስጥ የቀለጠ መሆን አለበት ብለው ጻፉ። ብዙም ሳይቆይ፣ በዚያው ወር ሊንዳ ሞራቢቶ በቮያጀር 1 ፎቶ ላይ የአዮን የእሳተ ገሞራ ጭስ አየች። ሒሳቡ ቀድሞ፣ እሳቱ ተከትሎ መጣ ማለት ነው።

ውሃው እንዴት ታወቀ?

የዩሮፓን ውቅያኖስ እስካሁን ያየው የለም። ማስረጃው የመጣው ከመግነጢስ ልኬት ነው። የጁፒተር መግነጢሳዊ መስክ ጋደል ያለ በመሆኑ ጁፒተር ስትሽከረከር በዩሮፓ ላይ የሚያርፈው መስክ ይለዋወጣል። ተለዋዋጭ መስክ ደግሞ ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ ነገር ውስጥ ጅረት ይፈጥራል፤ ጅረቱም የራሱን መስክ ይመልሳል። ማርጋሬት ኪቨልሰን የመሩት ቡድን የጋሊልዮ መንኮራኩር በለካው ውጤት ውስጥ ይህንኑ ምላሽ አገኘ። ደረቅ በረዶ እንዲህ አያደርግም፤ ጨዋማ ውሃ ግን ያደርጋል። የጂኦፊዚክስ ኮርስ የወሰድን ሰዎች ይህ የከርሰ ምድር ውሃ ለመፈለግ ከምንማረው የኤሌክትሮማግኔቲክ ዘዴ ጋር አንድ ዓይነት መርሕ መሆኑን ልብ እንላለን። የዩሮፓ ውሃ መጠን ከመሬት ውቅያኖሶች ሁሉ እጥፍ ያህል እንደሚሆን ይገመታል።

ኢንሰላደስ ግን ይህን ሁሉ ድካም አላስፈለጋትም። ዲያሜትሯ 500 ኪሎ ሜትር ብቻ የሆነች ትንሽ ጨረቃ ናት። በ2005 የካሲኒ መንኮራኩር በደቡብ ዋልታዋ ካሉት አራት ትላልቅ ስንጥቆች የውሃ እንፋሎትና የበረዶ ብናኝ ወደ ጠፈር ሲፈናጠር አገኛት። ካሲኒም በፍንጣቂው መሀል እያለፈ “ቀመሰው”፤ ጨው አገኘበት።

ውሃና አለት ሲገናኙ

“ውሃ ሕይወት ነው” እንላለን። ለእኛ አገር እውነት ነው፤ ግን የተሟላ አይደለም። ሕይወት ከውሃ ሌላ የኃይል ምንጭና ንጥረ ነገሮች ያስፈልጉታል። ፀሐይ በማይደርስበት ጨለማ ይህን የሚያቀርበው አለት ነው። በ1977 በጋላፓጎስ አካባቢ በጥልቁ ባሕር ወለል ላይ በፍልውሃ ዙሪያ ፀሐይ ሳይሆን ኬሚካል የሚመግበው የሕይወት መንደር መገኘቱ ይህንን አስተምሮናል።

በላቦራቶሪያችን በማይክሮስኮፕ የምናየው ኦሊቪን የተባለው ማዕድን ከሙቅ ውሃ ጋር ሲገናኝ ወደ ሰርፐንቲን ይለወጥና ሃይድሮጂን ያወጣል። ለአንዳንድ ረቂቅ ተሕዋስያን ሃይድሮጂን ቀለብ ነው። በኢንሰላደስ ፍንጣቂ ውስጥ ሃይድሮጂን መኖሩ በ2017 ይፋ ሆነ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2015 ከ90 ዲግሪ በላይ በሞቀ ውሃ የሚፈጠሩ ረቂቅ የሲሊካ ብናኞች ተገኝተው ነበር፤ በ2023 ደግሞ ፎስፌት ተጨመረ። እነዚህ ሲደመሩ ከበረዶው በታች ውሃው ከሞቀ አለት ጋር እየተነካካ መሆኑን ያመለክታሉ።

ጋኒሚድን ስናይ ነገሩ ይበልጥ ይገባናል። ከሜርኩሪ የምትበልጥ ግዙፍ ጨረቃ ናት፤ ውቅያኖስም እንዳላት ማስረጃ አለ። ነገር ግን ጥልቀቱ የሚፈጥረው ግፊት ከፍተኛ ስለሆነ ከውቅያኖሱ ግርጌ ሌላ ወፍራም በረዶ እንደሚኖር ይታሰባል። እንዲህ ከሆነ ውሃው ከላይም ከታችም በበረዶ ተዘግቶ ከአለቱ ተለያይቷል። ውሃ ሞልቶ ቀለብ ሊያጥር ይችላል ማለት ነው። በዩሮፓ ግን ውሃው በቀጥታ አለት ላይ እንደተኛ ይታመናል። በዚያ ላይ ኃይለኛው የጁፒተር ጨረር የገጹን በረዶ እየሰባበረ ኦክስጅን ይፈጥራል፤ የበረዶው መሰንጠቅና መገላበጥ ይህን ወደ ታች ካወረደው ለውቅያኖሱ ሁለተኛ ስንቅ ይሆናል።

ከዳሎል የምንማረው

ይህን ሁሉ ሰምቶ “በቃ፣ ሕይወት አለ!” ለማለት መቸኮል ግን አይገባም። ማስጠንቀቂያው ያለው እዚሁ አገራችን ውስጥ ነው። ዳሎል ውሃ አለው፣ ሙቀት አለው፣ ማዕድን ሞልቶታል። ሆኖም በ2019 ፑሪፊካሲዮን ሎፔዝ ጋርሲያ ያሉበት ቡድን ባሳተመው ጥናት፣ በአካባቢው ባሉ ጨዋማ ውሃዎች የተትረፈረፉ ረቂቅ ተሕዋስያን ሲገኙ፣ አሲድና ጨው በአንድነት በበረቱባቸው የዳሎል ኩሬዎችና ማግኒዚየም በበዛባቸው ሐይቆች ግን ሕይወት አልተገኘም። በዚያው ዓመት ሌላ ቡድን ከዳሎል እጅግ ጥቃቅን ተሕዋስያን አገኘሁ ብሎ ስለነበር ጉዳዩ አከራክሯል። እኔ የወሰድኩት ትምህርት ይህ ነው፤ ውሃው መኖሩ ብቻ ሳይሆን በውስጡ የሟሟው ነገር ይወስናል።

ለዚህም ነው የዩሮፓ ጨው ዓይነት ሊቃውንቱን የሚያሳስበው። ቀደም ሲል ማግኒዚየም ሰልፌት ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ነበር፤ በ2019 ግን በሃብል ቴሌስኮፕ በገጹ ላይ የወጥ ቤታችን ጨው፣ ሶዲየም ክሎራይድ ታየ። የኢንሰላደስ ውሃም አሲድ ሳይሆን አልካሊ ነው። ሁለቱም መልካም ምልክቶች ናቸው፤ ምልክት ግን ምስክር አይደለም።

ቀጣዩስ?

ጁስ የተባለው የአውሮፓ መንኮራኩር በሚያዝያ 2023፣ የናሳው ዩሮፓ ክሊፐር ደግሞ በጥቅምት 2024 መጥቀዋል። ክሊፐር በ2030፣ ጁስ በ2031 ጁፒተር ዘንድ ይደርሳሉ ተብሎ ይጠበቃል። ክሊፐር ዩሮፓን 49 ጊዜ ያህል በቅርብ እያለፈ የበረዶውን ውፍረት፣ የውቅያኖሱን ጨውና የገጹን ማዕድናት ይመረምራል። ሥራው ሕይወት መፈለግ ሳይሆን ቤቱ ለኑሮ ይሆናል ወይ የሚለውን ማጣራት ነው። ጥንቃቄውም የዋዛ አይደለም፤ የጋሊልዮ መንኮራኩር በ2003፣ ካሲኒም በ2017 ሆን ተብሎ ጁፒተርና ሳተርን ውስጥ ገብተው እንዲጠፉ የተደረገው ከመሬት ይዘውት የሄዱት ጀርም እነዚያን ጨረቃዎች እንዳይበክል ነው።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ በረዶ “አያገባንም” የምንለው ነገር አይደለም። ስንጥቅ ማንበብ፣ ማዕድን መለየት፣ የውሃን ኬሚስትሪ መመርመር የእኛው ሙያ ነው። ጠፈር መንኮራኩር ባይኖረን ዳሎልና ኤርታ አሌ አሉን። የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ፍለጋ የምትጨነቁ ጓደኞቼ እስቲ በዚህ በኩል አስቡበት። ቸር እንሰንብት።