ሳሎኑን ለባለጉዳይ

ከሳር ቤት ወደ ኦልድ ኤርፖርት፣ ከዚያም ወደ መካኒሳና ላፍቶ በውስጥ ለውስጥ መንገድ የሄደ ሰው በየቪላው በር ላይ የበጎ አድራጎት ድርጅት ሰሌዳ ማየቱ አይቀርም። ሴቭ ዘ ችልድረንን የመሰሉ ትልልቆች በነፋስ ስልክ ላፍቶ ለዓመታት ሠርተዋል። የትንንሾቹ ቢሮ ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ቤተሰብ ሊኖርበት የተሠራ ቤት ነው፤ ሳሎን፣ ሦስት አራት መኝታ ቤት፣ ከፊት በረንዳ፣ ከጓሮ ሰርቪስ። ባኞው ላይ ጣውላ ተጋድሞ የፋይል ካርቶን ይደረደርበታል። እንዲህ ያለውን ቤት ሰው የማይበርድበትና እንደ ሥራው የሚለዋወጥ ቢሮ ማድረግ ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

የዚህን ሥራ ልክ የሚወስነው ሕግ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 አስተዳደራዊ ወጪ ከድርጅቱ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ለአስተዳደር ሥራ የሚውለው መብራት፣ ውሃ፣ ኢንተርኔት፣ የዕቃ ግዢና ጥገና ሁሉ እዚያ ውስጥ ይቆጠራል። በሌላ በኩል የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ቢያንስ የሁለት ዓመት ውል የሚያረጋግጠው ለኗሪ ነው፤ ቪላ ተከራይቶ ቢሮ የከፈተ ድርጅት በዚህ አዋጅ አይጠለልም። ስለዚህ በአከራይ ግድግዳ ላይ የተመታ አልሙኒየምና መስታወት አንድ ቀን ለአከራዩ የሚቀር ገንዘብ ነው። ጭኖ ሊወሰድ በሚችል ነገር ላይ ማውጣት ይሻላል።

ያለ ክፍያ የሚገኘው ትልቁ ሀብት ፀሐይ ነው። አዲስ አበባ በ9 ዲግሪ ሰሜን ላይ፣ ከባሕር ወለል ከ2,200 ሜትር በላይ ተቀምጣለች፤ ቤቶቿም በአብዛኛው ማሞቂያ የላቸውም። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ግድም የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ ከዚህ ውስጥ ክረምቱ ደመና ነው። ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበትና ሰማዩ በሚጠራበት በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ የቀትር ከፍታዋ 58 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። እንግዲህ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብለው የሚውሉት፣ ሒሳብ ሠራተኛዋና ጸሐፊው፣ የምሥራቅና የደቡብ መስኮት ይገባቸዋል። ፊልድ የሚመላለሱት የሰሜኑን ክፍል ቢይዙ ብዙም አይጎዱም። በተግባር የሚታየው ተቃራኒው ነው፤ ፀሐያማውን ክፍል ኃላፊው ይይዘውና ሒሳብ ሠራተኛዋ በሊሾ ወለል ላይ ጋቢ ደርባ ትሠራለች። ለወለሉ የደብረ ብርሃን የሱፍ ምንጣፍ ይበቃል፤ ቤት ሲለቀቅም ተጠቅልሎ ይሄዳል።

ለአከራይ የሚቀር ቢሆንም ገንዘብ እንዲወጣበት ከምፈቅደው አንዱ ጣሪያው ነው። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ስልክ ማነጋገር ቀርቶ አጠገብ ያለን ሰው መስማትም ይቸግራል። በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል የሚነጠፍ የመስታወት ሱፍ ጩኸቱን ይቀንሳል፤ የቀኑን ግለትና የሌሊቱን ቅዝቃዜም ያለዝባል።

ዋናው ጥያቄ ግን ሳሎኑ የማን ነው የሚለው ነው። ወደ እንዲህ ያለ ድርጅት የሚመጣው ልጅ ያዘለች እናት፣ ከወረዳ የድጋፍ ደብዳቤ የያዘ ሽማግሌ፣ ሥልጠና ፈላጊ ወጣት ነው። እነሱ ዘበኛው ቤት አጠገብ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ፤ በቤቱ ሰፊና ብርሃናማ በሆነው ክፍል ውስጥ የዳይሬክተሩ ጠረጴዛና የቆዳ ሶፋ ተንሰራፍቷል። ይህ ንድፍ አይባልም፤ የሥልጣን ልማድ ነው። ሳሎኑ ለባለጉዳይ ይሰጥ። ወንበሮቹ እንደ ጤና ጣቢያ ተራ ጠባቂ በግድግዳው ዙሪያ አይደርደሩ፤ ሦስት አራት ሆነው ትንሽ ጠረጴዛ ይክበቡ። አንዱ ጥግ የረከቦት ይሁንና ቡናው ሲፈላ ሠራተኛውም እንግዳውም እዚያው ይጠጣ። ምስጢር የሚነገርበት ክፍል ደግሞ በኮሪደሩ መጨረሻ ያለው፣ ግድግዳው ብሎኬት የሆነው መኝታ ቤት ነው። በስስ ጂፕሰም ቦርድ በተከፈለ ክፍል ውስጥ የግፍ ታሪኳን የምትናገር ሴት ወዲያ ማዶ ያለው ሰው እንደሚሰማት ታውቃለች፤ ስለዚህ ዝም ትላለች።

የዚህ ዘርፍ ሌላው ጠባይ ፕሮጀክት ነው። ፕሮጀክት ሲመጣ ስድስት ሰው ይቀጠራል፣ ሲዘጋ ይበተናል፤ የሚቀረው የለጋሽ ተለጣፊ ያለበት ጠረጴዛ ነው። ጠረጴዛ ሲታዘዝ በ60 በ120 ሴንቲ ሜትር ቢሆን በመኝታ ቤት በር ሳይፈታ ያልፋል፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲገጠሙ እኩል አራት ማዕዘን፣ ስድስቱ ሲገጠሙ የቦርድ መሰብሰቢያ ይሆናሉ። ካቢኔት ጎማ ይኑረው። አሜሪካዊው ሮበርት ፕሮፕስት በ1968 እ.ኤ.አ. ለኸርማን ሚለር ኩባንያ ተነቃቃይ የቢሮ ዕቃ ሲነድፍ ሠራተኛው ቦታውን እንደ ሥራው እንዲያበጀው አስቦ ነበር፤ ኩባንያዎች ግን ቦታ መቆጠቢያ አደረጉትና ሰውን በጠባብ ሣጥኖች ውስጥ አጎሩበት። የሚንቀሳቀስ ዕቃ መግዛት ብቻውን አይበቃም፤ የማንቀሳቀስ ፈቃድ የሠራተኛው ካልሆነ ጎማው ጌጥ ነው።

ሳሎኑ ለባለጉዳይ ይሰጥ ካልን መግቢያውም ይታሰብ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ለሕዝብ አገልግሎት የሚውሉ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያ እንዲኖራቸው አዝዟል። ቪላው ይህ ታስቦ አልተሠራም። 45 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላለው በረንዳ፣ አንድ ለአሥራ ሁለት በሚባለው የተዳፋት መለኪያ፣ 5 ሜትር ከ40 የሚረዝም መወጣጫ ያስፈልጋል፤ የመኪና ማቆሚያውን ቢሻማም ይሠራ።

እንግዲህ ቤት የምትፈልጉ የድርጅት ኃላፊዎች፣ ውል ከመፈረማችሁ በፊት ቤቱን በጠዋት እዩት፤ ሜትር ይዛችሁ ሂዱና የሽንት ቤቱን በር ለኩ። ለተሽከርካሪ ወንበር የሚጠብ ከሆነና አከራዩ ማስፋቱን ካልፈቀደ ሌላ ቤት ፈልጉ።