በደም ውስጥ ያሉ ተከላካይ ኢንዛይሞች እንዴት ይለካሉ?

እንደሚታወቀው ያለ ኦክሲጅን መኖር አንችልም። ይሁንና ሕዋሶቻችን ኦክሲጅንን ሲጠቀሙ እንደ ሱፐርኦክሳይድ ያሉ ጎጂ ውሁዶችም ይፈጠራሉ። በተለምዶ «የወፍ በሽታ» ለምንለው ሕመም አንዱ መንስኤ የሆነው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ በጉበት ውስጥ ለዓመታት ሲቆይ፣ የሚያስከትለው ብግነት እነዚህን ውሁዶች ያበዛቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው በ2022 እ.ኤ.አ. 254 ሚሊዮን ሰዎች ከቫይረሱ ጋር ይኖሩ ነበር።

ለመሆኑ ሰውነታችን በምን ይከላከላል? ጆ ማክኮርድና ኢርዊን ፍሪዶቪች በ1969 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁት ሱፐርኦክሳይድ ዲስሙቴስ የተባለው ኢንዛይም ሱፐርኦክሳይድን ወደ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና ኦክሲጅን ይለውጣል። ካታሌስና ግሉታታዮን ፐርኦክሲዴስ ደግሞ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይዱን ወደ ውኃ ይለውጡታል።

በቤተ ሙከራ የምንለካው የኢንዛይሙን ብዛት ሳይሆን የሥራውን ፍጥነት ነው። ካታሌስን ለምሳሌ እንውሰድ። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ 240 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለውን ብርሃን ይመጣል። የደም ናሙና ሲጨመርበት ውሁዱ ስለሚፈርስ የሚመጠጠው ብርሃን ይቀንሳል፤ ስፔክትሮፎቶሜትሩም የቅነሳውን ፍጥነት ይመዘግባል።

እዚህ ላይ ሦስት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። አንደኛ፣ እነዚህ ኢንዛይሞች በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ በብዛት ይገኛሉ። ስለዚህ ደሙ ሲቀዳ ሕዋሶቹ ከፈነዱ የፕላዝማው ውጤት በሐሰት ከፍ ይላል። ሁለተኛ፣ የደም ማነስ ያለበት ሰው ቀይ ሕዋሱ ጥቂት በመሆኑ፣ የቀይ ሕዋስ ውጤት በአንድ ግራም ሄሞግሎቢን ተሰልቶ መቅረብ አለበት። ሦስተኛ፣ የኢንዛይም ፍጥነት ከሙቀት ጋር ይለዋወጣል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ በምትገኘው በደብረ ብርሃን፣ በኅዳር ውርጭ ማለዳ በክፍሉ ሙቀት የተለካ ናሙና በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከተለካው ጋር አይነጻጸርም። ከፍታው በራሱ የደምን ይዘት ሊለውጥ ስለሚችልም፣ ማነጻጸሪያ የሚሆኑት ጤናማ ሰዎች ከዚያው አካባቢ ቢመረጡ ይመረጣል።

ውጤቱስ ምን ይነግረናል? ኢንዛይሙ መቀነሱ በጉዳት መዳከሙን፣ መጨመሩ ደግሞ ሰውነት ለጥቃቱ ምላሽ መስጠቱን ሊያመለክት ይችላል። በመሆኑም አንድ ቁጥር ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። «ኢንዛይምህ ዝቅ ብሏል» የተባለ ታማሚ ሕክምናውን ትቶ የፀረ-ኦክሲዳንት እንክብል ቢገዛ ቫይረሱ በደሙ ውስጥ መባዛቱን ይቀጥላል። ለሕክምና ውሳኔ የሚያስፈልጉት የጉበት ምርመራና የቫይረሱ መጠን ናቸው፤ የኢንዛይም ልኬት ግን በሽታው ጉበትን የሚጎዳበትን መንገድ ለመረዳት የሚያግዝ የምርምር መሣሪያ ነው።