ከመጀመሪያው ዝናብ ጀምሮ መቁጠር

በጋው ገፍቶ፣ በየካቲት ወይም በመጋቢት አንድ ማታ የአጋሮ ቆርቆሮ ጣሪያ በዝናብ ሲንኳኳ ልጆቻችሁን ጠርታችሁ «ከዛሬ ጀምረን ቀን እንቁጠር» በሏቸው። ሳምንት አልፎ ወደ ዐሥረኛው ቀን ሲጠጋ የጓሮው ቡና ነጭ ለብሶ ያድራል፤ ሽታው ሰፈሩን ያውዳል።

የቡና እምቡጥ በደረቁ ወራት ቅርንጫፉ ላይ ተኝቶ ይከርማል። ድርቀቱ ያዘጋጀዋል፤ በቂ ዝናብ ያነቃዋል። ውሃ ስቦ ያብጣል፣ ይፈካል፣ በሁለት ሦስት ቀን ይረግፋል። ፍሬው ግን አይቸኩልም፤ ክረምቱን አረንጓዴ ሆኖ ከርሞ፣ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ወር ቆይቶ ይቀላል። ለቀማው ሲደርስ መጸው ገብቷል።

ከውጭ የሚመጡ የሥዕል መጻሕፍት ወቅትን በበረዶና በሚረግፍ ቅጠል ያሳያሉ። ምድር በ23.5 ዲግሪ ገደማ አዘንብላ ፀሐይን ስለምትዞር፣ ከምድር ወገብ በራቁ አገሮች የቀኑ ርዝመትና ሙቀቱ በእጅጉ ይለዋወጣል። ለምድር ወገብ በቀረበችው ጅማ ግን በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት አይሞላም። እዚህ ወቅትን የሚለየው ዝናብ ነው፤ የዝናቡ ቀበቶ ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜን ይወጣል፣ ወደ ደቡብ ይመለሳል።

የፀሐይን ጉዞ ልጆች በግቢያቸው ሊያዩት ይችላሉ። ቀጥ ያለ እንጨት ትከሉና ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ጥላውን በጠጠር ምልክት አድርጉ። በታኅሣሥ ጥላው ወደ ሰሜን ይወድቃል፤ በሰኔ ወደ ደቡብ። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ፀሐይ አናት ላይ ስለምትቆም ጥላው ከእንጨቱ ሥር ይጠፋል።

ዝናቡን ደግሞ አፉና ታቹ እኩል በሆነ ጣሳ ይለኩ። በማስመሪያ አንድ ሚሊ ሜትር ካነበቡ፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውሃ ወርዷል። ጅማ በዓመት የምታገኘው 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ሳይሰርግና ሳይተን ቢጠራቀም፣ የአዋቂን ትከሻ በደረሰ ነበር።

የለኩትን በደብተር ይጻፉ፤ ለከርሞም ይድገሙት። ዝናብ ቀድሞ መጥቶ ቢቋረጥና አበባው ፍሬ ሳይዝ ቢደርቅ፣ ምን እንደተለወጠ ከደብተራቸው ያነባሉ። በቡና ለሚያድር ቤት ልጅ ይህ የኑሮ ትምህርት ነው።