የ5,300 ዓመታት ዕድሜ ያለው የራስ ቅል ስለ ጆሮ ሕመም ምን ይነግረናል?

በሰሜን ስፔን፣ ቡርጎስ ግዛት፣ ከትላልቅ ድንጋዮች የተሠራ ጥንታዊ የጋራ መቃብር አለ። ኤል ፔንዶን በተባለው በዚህ ሥፍራ የ100 ያህል ሰዎች አጽም ተገኝቷል። በአውሮፓውያኑ 2018 የወጣ አንድ የራስ ቅል ግን የተመራማሪዎችን ትኩረት ሳበ፤ ከሁለቱም ጆሮዎች ጀርባ የተቀደደ ነበር።

የራስ ቅሉ ከ5,300 ዓመታት ገደማ በፊት የኖረች ሴት ነው። በ2022 ሳይንቲፊክ ሪፖርትስ በተባለው መጽሔት የወጣው ጥናት እንደሚለው፣ ቀዳዳዎቹ የጆሮ ቀዶ ሕክምና ምልክቶች ናቸው። በዓለም እስካሁን ከታወቁት ሁሉ ቀዳሚው መሆኑንም አጥኚዎቹ ገልጸዋል።

ለመሆኑ ሥጋ ከፈረሰ ከሺህ ዓመታት በኋላ የጆሮ በሽታ እንዴት ይታወቃል?

መልሱ ያለው ከጆሮ ጀርባ ሲዳሰስ ጎላ ብሎ በሚገኘው አጥንት ውስጥ ነው። ማስቶይድ የሚባለው ይህ አጥንት ድፍን አይደለም። እንደ ማር እንጀራ አየር የያዙ ጥቃቅን ክፍተቶች ያሉት ሲሆን፣ እነዚህም ከመካከለኛው ጆሮ ጋር ይገናኛሉ። ጆሮ ሲያመረቅዝ መግሉ ወደ ክፍተቶቹ ዘልቆ አጥንቱን ሊበላው ይችላል። ወደ አንጎል ከተዛመተ ደግሞ ለሞት ይዳርጋል። በሽታው በአጥንቱ ላይ የተወው ጠባሳ ግን ከመቃብርም በኋላ ይቆያል።

በሴትዮዋ ግራ ጆሮ በኩል ባለው ቀዳዳ ጠርዝ ላይ ሰባት የመቁረጫ ምልክቶች ታይተዋል። ይህም ቀዳዳው በሰው እጅ መሠራቱን ያመለክታል። በመቃብሩ ከተገኙት የድንጋይ ስለቶች አንዱም አጥንት የቆረጠና በተደጋጋሚ በእሳት የጋለ መሆኑ ተረጋግጧል።

ከሁሉም በላይ የሚያስገርመው የቀዳዳዎቹ ጠርዝ መዳኑ ነው። አጥንት የሚያገግመው በሕይወት ባለ ሰው ላይ ብቻ ነውና፣ ሴትዮዋ ከሁለቱም ቀዶ ሕክምናዎች ተርፋለች ማለት ነው። ሥቃዩን እንድትቋቋም ሰዎች አጥብቀው ይዘዋት፣ አሊያም የሚያደነዝዝ ነገር ሰጥተዋት ሊሆን እንደሚችል ተመራማሪዎቹ ይገምታሉ። ማንነታቸው ባይታወቅም፣ ያስታመሟት ሰዎች እንደነበሩ ግን አጥንቷ ይመሰክራል።

ዛሬ በፀረ ተህዋሲያን መድኃኒቶች ምክንያት እንዲህ ያለው ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው አልፎ አልፎ ነው። ይሁንና ሕክምና በሚዘገይበት ቦታ ሁሉ በሽታው አሁንም የመስማት ችሎታን፣ አንዳንዴም ሕይወትን ይነጥቃል። ከጆሮ የሚወጣ መግልም ሆነ ከጆሮ ጀርባ የሚታይ እብጠት ሳይውል ሳያድር ለሐኪም መታየት ያለበት ለዚህ ነው።